የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚበላሸው በበጋ ሥራ ሳይሆን በክረምት መጋዘን ነው

የበጋው የመስኖ ሥራ በግንቦት ተጠናቆ የክረምቱ ደመና ሰማዩን መሸፈን ሲጀምር የገበሬው ሐሳብ ሁሉ ወደ ሞፈርና ቀንበር፣ ወደ ዘርና ማዳበሪያ ይዞራል። ወራት ሙሉ በወንዝ ዳር ሲያጓራ የቆየው የውሃ መሳቢያ ሞተር ግን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወስደው ከማኅበሩ መጋዘን አንድ ጥግ ያስቀምጡትና በሩ ይዘጋበታል። ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም። የሚታወሰው መስከረም አልፎ፣ ጥቅምት ገብቶ፣ የሽንኩርቱ ችግኝ መደብ ውሃ ሲጠማ ነው። ያን ጊዜ ገመዱ ይሳባል፤ ሞተሩ አይነሳም። ደግሞ ይሳባል፤ አይነሳም። ጉልበተኛ የተባለ ጎልማሳ ሁሉ ተራ በተራ ሞክሮ ሲደክመው፣ «ሞተሩ አርጅቷል» ወይም «ድሮም የማይረባ ዕቃ ነው» የሚል ፍርድ ይሰጣል።

ይህ ፍርድ በብዙ ቦታ ትክክል ሆኖ አይገኝም። በግንቦት ሲሠራ የነበረ ሞተር በጥቅምት የማይነሳ ከሆነ፣ የተበላሸው በመካከል ባሉት አራት ወራት ነው ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ደግሞ ሞተሩ አንዲት ሰዓት እንኳ አልሠራም። ስለዚህ ጉዳቱን ያደረሰው ሥራው ሳይሆን አቀማመጡ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቃውም የሞተሩ ትልቁ አካል ሳይሆን፣ እሳት የሚፈጥሩትና የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። እነዚህን ክፍሎች ከእርጥበትና ከዝገት መጠበቅ ከፍተኛ የሙያ ትምህርት ወይም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ከሰኔ በፊት የሚሠራ የግማሽ ቀን ሥራና በቃለ ጉባኤ የተመዘገበ አንድ ኃላፊ ነው።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል

የመስኖ እርሻ ቀድሞ ለጥቂት የወንዝ ዳር ገበሬዎች የተተወ ሥራ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። በጣና ዙሪያ በፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞችን፣ በስምጥ ሸለቆ የዝዋይን ሐይቅ ውሃ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የበጋ መስኖ ስንዴ በስፋት ሲጀመር ደግሞ በሞተር የሚጠጣው መሬት ጨምሯል። በፀሐይ ኀይል የሚሠሩ መሳቢያዎች እየገቡ ቢሆንም፣ በቤንዚን የሚሠራው አነስተኛ ሞተር አሁንም በብዙ የገበሬ ማኅበራት ዋናው መሣሪያ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚባክን ቀን ተመልሶ አይገኝም። የሽንኩርት ችግኝ በመደብ ላይ ከ45 እስከ 50 ቀን ያህል ቆይቶ ወደ ማሳ የሚዛወር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ውሃ ለሳምንት ቢቋረጥበት ይጠወልጋል፤ የዘሩም ዋጋ አብሮ ይጠፋል። የበጋ ስንዴም ቢሆን በኅዳር መዘራት ሲገባው ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ቢገፋ፣ ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ ከከባዱ የበጋ ሙቀት፣ አጨዳው ደግሞ ከበልግ ዝናብ ጋር ሊገጥም ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ባለ 3 ኢንች የውሃ መሳቢያ ሞተር በደህና ሁኔታ ላይ ሲሆንና ውሃው ሩቅና ከፍ ያለ ቦታ የማይወጣ ሲሆን በደቂቃ እስከ 1000 ሊትር ገደማ መግፋት ይችላል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 360 ሺህ ሊትር ማለት ነው። ይህ ሞተር ለ10 ቀን ቆሞ ጋራዥ ቢጠብቅ፣ ወደ ማሳ ሳይደርስ የሚቀረው ውሃ 3 ሚሊዮን 600 ሺህ ሊትር ይሆናል። ይህንን ውሃ በባልዲና በትከሻ ለመተካት የሚሞክር ማኅበር የለም። እንዲህ ያለው ኪሳራ የሚጀምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጣት ጫፍ ላይ ሊያዝ ከሚችል የዝገት ቅንጣት ነው።

እሳቱ ከየት ይመጣል

የጥበቃውን ሥራ በሚገባ ለመምራት ሞተሩ እሳት የሚያገኝበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። በአነስተኛ የቤንዚን ሞተር ላይ ባትሪ ላይኖር ይችላል። እሳቱን የሚያመነጨው በከባዱ መዘውር ላይ የተተከለ ማግኔት ነው። ገመዱ ሲሳብ መዘውሩ ይሽከረከራል፤ ማግኔቱም ቦቢና በሚባለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ በፍጥነት ያልፋል። በዚህ ጊዜ በቦቢናው ውስጥ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። ይህ ግፊት በወፍራም ሽቦ ተጉዞ፣ በካንዴላው ኮፍያ በኩል ወደ ካንዴላው ይገባና በጫፉ ላይ ያለችውን ጠባብ ክፍተት ዘሎ ብልጭ ይላል። ቤንዚኑን የሚያቃጥለው ይህ ብልጭታ ነው።

ክፍተቶቹ እጅግ ጠባብ መሆናቸው ሊጤን ይገባል። በብዙ አነስተኛ የመሳቢያ ሞተሮች የካንዴላው ክፍተት ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። በማግኔቱና በቦቢናው እግሮች መካከል ያለው ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአንድ ጠንካራ የካርቶን ካርድ ውፍረት ብዙም አይበልጥም። በዚህ ቦታ ላይ የሚያብጥ ዝገት ማግኔቱን እስከ መፋቅ፣ መዘውሩንም እስከ መያዝ ሊደርስ ይችላል።

በአሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ኤሌክትሪኩን በየዙሩ የሚያገናኙና የሚለያዩ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉ። በእነዚህ ነጥቦች ላይ በዓይን የማይታይ ቀጭን የዝገት ሽፋን ቢያርፍ ሞተሩ ብልጭታ ያጣል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ይህንን ሥራ የተዘጋ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ስለሚሠራው ነጥቦቹ የሉም። ሆኖም ኮፍያው፣ ሽቦው፣ ማጥፊያውና ካንዴላው በአዲሱም በአሮጌውም ያው ስለሆኑ የእርጥበቱ አደጋ አልቀረም።

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ብልጭታ የተነገረው አይመለከተውም። የአቀማመጡ ሥርዓት ግን ለእርሱም እኩል ይሠራል፤ በባትሪ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ባትሪው የራሱን ጥንቃቄ ይሻል።

ክረምቱ በመጋዘን ውስጥ የሚሠራው

ብዙ መሪዎች «ሞተሩ ዝናብ አልነካውም፤ ጣሪያ ሥር ነው የከረመው» ይላሉ። ይሁን እንጂ ብረትን ለማዛግ ዝናብ የግድ አያስፈልግም። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ያልተቀባ ብረት መዛግ ይፈጥናል። በባሕር ዳርና በአካባቢው በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥል ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከአምስት እጅ አራት እጅ ያህሉ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚህ ወራት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ በብዙ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች የአየሩ እርጥበት ከዚህ ልክ በላይ ሆኖ ለሳምንታት ይቆያል።

ከዚህም ሌላ የቆርቆሮ ጣሪያ የራሱ ጠባይ አለው። ቆርቆሮው ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። በመጋዘኑ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ እንደ ጤዛ ውሃ ይቋጥርና ማለዳ ጠብ ጠብ ይላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ጣሪያው ያፈሰሰ ይመስለዋል። በሞተሩ ብረት ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ከባድ ብረት በሌሊት ቅዝቃዜ ይዞ ያድራል፤ ረፋድ ላይ የሞቀና እርጥብ አየር ሲነካው ያልበዋል። ላቡ ወደ መዘውሩ ሥር፣ ወደ ኮፍያው ውስጥ፣ ወደ ማጥፊያው ቀዳዳ ይገባል። ከአፈር ወለል የሚነሳው እርጥበት ሲጨመርበት ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ በውሃ ተከቦ ያሳልፋል።

እዚህ ላይ የገበሬው የራሱ ልማድ አስተማሪ ነው። ገበሬ ጎተራውን በመሬት ላይ አያስቀምጥም፤ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከፍ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከላይም ይከድነዋል። ይህንን የሚያደርገው የመሬት እርጥበት እህሉን እንደሚያሻግት ከአባቶቹ ስለተማረ ነው። የብዙ ኩንታል እህል ዋጋ የወጣበት ሞተር ግን በዚያው ግቢ ውስጥ በባዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

ማዳበሪያና ሞተር በአንድ ጣሪያ ሥር

ከሁሉ የከፋው ልማድ ሞተሩን ከማዳበሪያ ጋር ማስቀመጥ ነው። ጊዜው የሚገጣጠም በመሆኑ ይህ በቀላሉ የሚፈጸም ስሕተት ነው፤ ሞተሩ ከወንዝ ሲመለስ ማዳበሪያው ከከተማ ይመጣል፤ መጋዘኑም አንድ ነው።

ጨው በክረምት ውሃ እንደሚያወጣ ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቃለች። ማዳበሪያም ጠባዩ እንደ ጨው ነው። ዩሪያ በ30 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ጥቂት ሲያልፍ ከአየሩ ውሃ መሳብ ይጀምራል። ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ዩሪያ ከአፈሩ ወለል ጋር ተቀላቅሎ ሲርስ ደግሞ አሞኒያ የሚባለውን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ የመዳብና የናስ ጠላት ነው። በሞተሩ ላይ መዳብና ናስ የሚገኙት ደግሞ በትክክል ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው ቦታዎች ነው፤ በቦቢናው ሽቦ ጫፍ፣ በኮፍያው መያዣ፣ በማጥፊያው ውስጥ። በጥቅምት ኮፍያው ሲከፈት የሚታየው አረንጓዴ ዝገት የዚህ ሥራ ውጤት ነው።

የማዳበሪያው አቧራም እንዲሁ ጉዳት አለው። በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ያረፈ አቧራ እርጥበት ሲያገኝ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በጫፉ ላይ መዝለሉን ትቶ በሸክላው ገጽ ላይ ወደ ሞተሩ ብረት ይፈስሳል። ሰው ገመዱን ሲስብ ብልጭታው በተፈለገው ቦታ አይታይም። የአረም መድኃኒትና የባትሪ አሲድ በአንድ ክፍል ሲቀመጡም ጉዳቱ ተመሳሳይ ነው።

ሌላ መጋዘን የሌለው ማኅበር ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ሞተሩ የግድ በመጋዘን መቀመጥ የለበትም የሚል ነው። ቤንዚኑ ተንቆርቁሮ ከወጣ በኋላ ደረቅና ነፋሻ በሆነ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጥግ ወይም ኃላፊነቱን በተረከበ አባል ቤት በቆጥ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ነገር ግን ከምድጃ አጠገብ ወይም ጭስ ከሚበዛበት ቦታ መራቅ አለበት። ጭሱ ጥላሸትና አሲድ ያለበት በመሆኑ ብረቱን ይጎዳል፤ በማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረ የቤንዚን ትነትም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከሰኔ በፊት የሚሠራው ሥራ

ሥራው የሚሠራው የመጨረሻው የመስኖ ቀን እንዳለቀ፣ ሞተሩ ገና ሞቅ ብሎ ሳለ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩ ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ እንዲስብ ተደርጎ ደለሉ ከፓምፑ ሆድ ይታጠባል፤ ከዚያም የታችኛው መክፈቻ ተከፍቶ ውሃው ይፈስሳል።

ሁለተኛ፣ ያገለገለው የሞተር ዘይት በትኩስነቱ ተቀድቶ በአዲስ ይተካል። አሮጌ ዘይት ከቃጠሎ የተረፈ ውሃና አሲድ የያዘ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ያዝጋል። የተቀዳው ዘይት በወንዝ ዳር መደፋት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ቤንዚኑ ከማጠራቀሚያው ተንቆርቁሮ ይወጣል። በካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረውም በታችኛው ብሎን በኩል ይፈስሳል። ወራት የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፤ በታችም ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል።

አራተኛ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘና ማጥፊያው ከተዘጋ በኋላ ካንዴላው ይፈታል። በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመራል። ገመዱ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ይሳብና ዘይቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይዳረሳል።

አምስተኛ፣ ካንዴላው በሽቦ ብሩሽ ጥርሱና ጫፉ ተጠርጎ፣ ሸክላው በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ተወልውሎ ይመለሳል። በጥርሱ ላይ እጅግ ጥቂት ግራሶ ቢቀባ በጥቅምት ለመፍታት ይቀላል። ሸክላው ላይና ጫፉ ላይ ግን ግራሶ መንካት የለበትም። የኮፍያው ውስጥ ተጠርጎ በካንዴላው ላይ አጥብቆ ይገጠማል፤ ልቅ ኮፍያ ለእርጥበት የተከፈተ በር ነው።

ስድስተኛ፣ ገመዱ በቀስታ ይሳብና ከብዶ በሚይዝበት ቦታ ላይ ይተዋል። በዚህ ቦታ የሞተሩ የአየር መግቢያና መውጫ ሁለቱም ዝግ ስለሚሆኑ እርጥብ አየር ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። ይህ ምንም ወጪ የሌለው፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ጥንቃቄ ነው።

ሰባተኛ፣ ሞተሩ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ከላይ በደረቅ ጆንያ ወይም በጥጥ ጨርቅ ይሸፈናል። በላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል ጥሩ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ላስቲኩ ላቡን ውስጥ አፍኖ ስለሚይዝ ጉዳቱ ይብሳል። አይጥ ሽቦ እንዳይበላም ቱቦው፣ ጆንያውና ጨርቁ በየጊዜው መታየት አለባቸው።

በባትሪ የሚነሳ ሞተር ካለ ባትሪው ይፈታል፤ ሙሉ ኀይል እንዲይዝ ተደርጎ በእንጨት ላይ ይቀመጣል፤ በየወሩም ይሞላል። ሳይሞላ የሚከርም ባትሪ በራሱ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይድንም። ምሰሶዎቹ ተጠርገው ቫዝሊን ሲቀቡ አይዝጉም።

በክረምቱ መካከል በወር አንድ ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት፣ የመጋዘኑ በርና መስኮት ተከፍቶ አየር እንዲገባ ይደረጋል። ሞተሩ ይገለጣል፤ ገመዱ በቀስታ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳብና እንደገና በሚከብድበት ቦታ ይተዋል። የዝናብ ወራታቸው ከዚህ በሚለይ እንደ ቦረና ባሉ አካባቢዎች የቀን መቁጠሪያው በዚያው አካባቢ ዝናብ ልክ መስተካከል ይኖርበታል።

በጎርፍ ለሚጠቁ ሜዳዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በደንቢያ እንደደረሰው ያለ ጎርፍ ሲያጋጥም ሞተሩ በመጋዘን ውስጥ ሳለ ሊሰጥም ይችላል። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ማስቀመጫው አስቀድሞ ከፍ ካለ መንደር ይመረጣል። ውሃ የገባበት ሞተር በፍጹም ለማስነሳት መሞከር የለበትም። መጀመሪያ ካንዴላው ተፈትቶ ውሃው መውጣት፣ ዘይቱ መለወጥ፣ ክፍሎቹም በፀሐይ መድረቅ አለባቸው።

በጥቅምት ሞተሩ እምቢ ሲል

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሆነ ሳይደረግ ሞተሩ አልነሳም ሊል ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ትልቁ ስሕተት ከከባዱ መጀመር ነው፤ ካርቡራቶሩ ይበተናል፤ አዲስ ቦቢና ለመግዛት ገንዘብ ይዋጣል። ትክክለኛው መንገድ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

መጀመሪያ አዲስ ቤንዚን መግባቱና የዘይቱ ልክ ይታያል። አንዳንድ ሞተሮች ዘይት ሲጎድል ብልጭታውን በራሳቸው የሚያቋርጡ በመሆናቸው፣ ዘይት ያጣ ሞተር «ቦቢናው ሞተ» ሊባል ይችላል። ቀጥሎ ማጥፊያው ይፈተሻል። ማጥፊያው ሲዘጋ የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ ብረት በመላክ የሚሠራ ስለሆነ፣ በውስጡ እርጥበት ካለ ሞተሩን እንደ ጠፋ ያቆየዋል።

ከዚያ ካንዴላው ተፈትቶ ይደርቃል፤ ይጠረጋል። ኮፍያው ላይ ተሰክቶ ጥርሱ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረግና ገመዱ ይሳባል። ይህ ሲደረግ ቤንዚን በአካባቢው መፍሰስ የለበትም፤ ካንዴላው ከቀዳዳው መራቅ አለበት፤ የሚይዘውም እጅ ደረቅ ሆኖ በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ መያዝ ይኖርበታል። ጥላ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ የእሳቱ ክፍል ደህና ነው፤ ችግሩ ነዳጁ ላይ ይፈለጋል። ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጨርሶ ከሌለ በሌላ ደህና ካንዴላ ይሞከራል። ካልሆነ ኮፍያው ተፈትቶ፣ የዛገው የሽቦ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ እንደገና ይገጠማል። በመጨረሻ መዘውሩን የሸፈነው ክዳን ይከፈትና የማግኔቱና የቦቢናው እግሮች ዝገት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይነሳል።

እርጥበት የያዘ ቦቢናን ወይም ካንዴላን በእሳት ላይ ማድረቅ በብዙ ቦታ የሚታይ አጉል ልማድ ነው። እሳቱ የቦቢናውን መሸፈኛ ስለሚያቀልጠው፣ በፀሐይ አንድ ቀን ውሎ ሊድን የሚችል ዕቃ ለዘለዓለም ይሞታል። ሞተሩ ወደ ጋራዥ መሄዱ ግድ ከሆነ ደግሞ የማኅበሩ ተወካይ አብሮ መገኘትና የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ተረክቦ መመለስ አለበት። አሮጌው ዕቃ ሲመለስ ምን እንደተበላሸ ይታወቃል፤ በሚቀጥለው ክረምትም ከምን መጠበቅ እንደሚገባ ትምህርት ይሆናል።

ጥፋቱ የማን ነው

እዚህ ድረስ የተነገረው የእጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ችግሩ በእጅ ሥራ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ሥሩ ያለው በአደረጃጀቱ ላይ ነው።

አንድ ሞተር ሃያ ወይም ሠላሳ ገበሬዎች በተራ ሲጠቀሙበት፣ እያንዳንዱ በተራው ቀን ተጠንቅቆ ይሠራበታል፤ ተራው ሲያልፍ ግን ለሚቀጥለው ያስረክባል። በግንቦት የመጨረሻው ተራ የደረሰው ሰው የሚያስረክበው የለም። ስለዚህ ክረምቱ የማንም ተራ አይደለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ሆኖም ለሃምሳ ሰው የተከፋፈለ ሎሚ እያንዳንዷ የታወቀ ባለቤት አላት። ለሃምሳ ሰው የተተወ ጥበቃ ግን ማንም ያልተሸከመው ጥበቃ ነው።

ጥፋቱ የገበሬው ብቻም አይደለም። ሞተር ሲታደል በብዙ ቦታ የሚሰጠው ሥልጠና እንዴት እንደሚነሳና እንዴት ውሃ እንደሚሳብ እንጂ እንዴት እንደሚከርም አይደለም። ከሞተሩ ጋር የሚመጣው የአጠቃቀም መጽሐፍም ብዙ ጊዜ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። መሪዎች ከወረዳው ባለሙያዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው አዲስ ሞተር ብቻ ሳይሆን፣ በግንቦት አንድ ቀን መጥቶ የክረምቱን አቀማመጥ በተግባር የሚያሳይ ሰውም ነው።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው መሥራት ይችላሉ። ስለዚህ በደንቡ ውስጥ ጥቂት መስመሮችን መጨመር የማኅበሩ የራሱ ውሳኔ ነው። ሞተሩን የሚያከርመው ሰው በስም ይወሰን። ከግንቦት ወር ሳይወጣ ርክክቡ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈጸም። በርክክቡ ሰነድ ላይ የሞተሩ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ በርክክቡ ቀን ተነስቶ መሥራቱ፣ ቤንዚኑ መውጣቱ፣ ዘይቱ መለወጡና ካንዴላው መጠረጉ ይጻፍ። ከተጠቃሚዎች በየሰዓቱ ከሚሰበሰበው ክፍያ ጥቂቱ ለዘይት፣ ለካንዴላና ለጠባቂው ድካም ይመደብ። ያለ ክፍያ የተሰጠ ኃላፊነት በሐምሌ ጭቃ የሚረሳ ነውና።

በመስከረም መጨረሻም ሞተሩ ገና ሳይፈለግ ይነሳ። ይህ ሙከራ የሚደረገው የችግኙ መደብ ከመዘጋጀቱ በፊት ሊሆን ይገባል። ጉድለት ቢገኝ የጎደለውን ለመግዛት ጊዜ አለ፤ ጠባቂውም የሥራውን ውጤት በጉባኤው ፊት ያሳያል። ተነስቶ ከሠራ ምስጋና ይገባዋል፤ ካልተነሳም ለምን እንደሆነ ከሰነዱ ላይ ይታያል። ያን ጊዜ «ያረጀ ሞተር ነው» የሚለው ፍርድ መሠረት ያጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለጥቅምት ውሃ መዘጋጀት የሚጀመረው በግንቦት ነው። ከክረምቱ በፊት በሚደረገው የመጨረሻ ጉባኤ ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘርና ስለ እርከን ከተነጋገሩ በኋላ፣ መሪዎች «ሞተሩን ማን ያከርመዋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ማንሳት ይኖርባቸዋል። የሚመለሰው ስም በቃለ ጉባኤው ላይ ሳይጻፍ ጉባኤው መበተን የለበትም።